ወይዘሪት መብራት ዝናቡን የቀጠረው ሰው

ጋሽ ማቴዎስ ማረፉን የሰማሁት ቴፒ መናኸሪያ ውስጥ፣ ወደ ሚዛን የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ ነው። የደወለችልኝ የሥራ ባልደረባዬ አስቴር ናት። "የት ነህ?" አለችኝ። "ቴፒ" አልኳት። "በቃ እዚያው ቆይ፤ እኛ እንመጣለን፣ አብረን እንወጣለን" አለችና ማልቀስ ጀመረች። ማን እንደሆነ ሳትነግረኝ ገባኝ። ታሞ ጌጫ፣ እናቱ ቤት ከገባ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልባችን የሚደነግጠው በእሱ ነበር።

ጌጫ ስንደርስ ጉሙ ወርዶ ድንኳኑን ውጦታል። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ድምፅ ይሰማል፣ ሰዎቹ ግን አይታዩም። ገብተን፣ አልቅሰን፣ ጥግ ይዘን እንደተቀመጥን ታላቅ እህቱ እትዬ አበበች መጡና አጠገባችን ተቀመጡ።

"እናንተ የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ናችሁ?" አሉን።

"አዎ፣ እትዬ።"

አስቴርንና አለቃችንን ሰብለን ተራ በተራ ሲያዩ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መብራት የቷ ናት?"

መልስ ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

"ወንድሜ በደወለ ቁጥር ወሬው ስለ እሷ ነበር። መብራት ዛሬም አልመጣችም፣ መብራት ላይ ግፍ እየተሠራ ነው፣ መብራትን ያለ ጥፋቷ ሊያባርሯት ነው ይለኝ ነበር። ሳያገባ የቀረውም በእሷ ነው መሰለኝ። ለቅሶው ላይ እንኳ አትመጣም?"

አስቴር ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ራሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ሰብለ ግን እንደ ሁልጊዜው ረጋ ብላ፣ "መምጣት አልቻለችም፣ እትዬ" አለቻቸው።

"እግዜር ይቅር ይበላት" አሉና ተነሡ።

እዚያ ድንኳን ውስጥ መብራት ማን እንደሆነች ማስረዳት አይቻልም ነበር። እዚህ ግን ልሞክር።

መሥሪያ ቤታችን ሚዛን ተፈሪ፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ዋናው ቢሮ አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ቅርንጫፍ ነን። የምንሠራው የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ከገበሬው እሸት ቡና ሲረከቡ በስልክ የሚመዘግቡበትን ፕሮግራም ነበር። ቡናው ሳይቀላ ማስረከብ አለብን። ቡና ደግሞ ሊቀላ ሲል ማንንም አያስፈቅድም።

ለማያውቅ ሰው ሥራው እንዲህ ነው። እያንዳንዳችን የድርሻችንን እንጽፋለን። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር የጻፍነውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ፈትሾ፣ አንድ የሚሠራ ፕሮግራም ያደርገዋል። ይህንን "ቢልድ" እንለዋለን። የአንዱ ጽሑፍ ከሌላው ጋር ካልተስማማ ወይም ፍተሻውን ካላለፈ ቢልዱ ይወድቃል። ወድቆ ደግሞ ድምፅ አያሰማም። አንድ ቀይ ምልክት ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፣ በቃ። ጋሽ ማቴዎስ ከመምጣቱ በፊት ምልክቱ ለቀናት ቀልቶ ይቆይ ነበር፤ አስቴር እኔ የማስተካክለው ይመስላታል፣ እኔ አስቴር የምታስተካክለው ይመስለኛል፣ ሰብለ ደግሞ ሁለታችን የያዝነው ይመስላታል።

ጋሽ ማቴዎስ እንደመጣ የጠየቀው ይህንኑ ነው። "ቀይ ሆኗል። ለማን ተነግሯል?"

"እ... ይታወቃል" አልኩት።

"በማን ነው የሚታወቀው?"

ይህ ጥያቄ የሰውየው ሙሉ ጠባይ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ ስንመለስ መንገድ ላይ የፈነዳ የውሃ ቧንቧ አገኘን። ሰው ሁሉ ሱሪውን ሰብስቦ እየዘለለ ያልፋል። ጋሽ ማቴዎስ ቆመ። የሚያልፈውን ሁሉ "ይቅርታ፣ ይህ ለማን ተነግሯል?" ይላል። ሁሉም "ኧረ ይታወቃል" እያለው ያልፋል። አንድ የባጃጅ ሹፌር "አባቴ፣ ውሃው አንተን ምን አደረገህ?" አለው። "እኔንማ ምንም፤ ባለቤት ያጣ ነገር ግን ያስጨንቀኛል" አለ። ዝናብ መጣ፣ እኛ ጥለነው ሄድን። ብስብስ ብሎ፣ ግን ፊቱ በርቶ ገባና "ተነግሯል!" አለን። ለማን እንደሆነ ጠይቀነው አናውቅም።

ቢልዱንም እንዲሁ ዝም ብሎ ሊያልፈው አልቻለም። "ታዛቢ" ብሎ የሰየመውን ነገር ሠራ። ታዛቢ ቢልዱ በወደቀ ቁጥር በራሱ ቲኬት ይከፍታል። ቲኬት ማለት የሥራ ማሳሰቢያ ነው፤ ምን እንደተበላሸ፣ ማን ሊያስተካክለው እንደሚገባ ተጽፎበት በሰውዬው ስም ይቀመጣል፣ እስኪስተካከልም አይዘጋም። ታዛቢ መጨረሻ ላይ የነካው ማን እንደሆነ አይቶ በእሱ ስም ይከፍትበታል። ጋሽ ማቴዎስ ኮምፒውተር ከመማሩ በፊት ወረዳ መዝገብ ቤት ስለሠራ አጻጻፉ የለመደው ነበር። የመጀመሪያው አስቴር ላይ ወደቀ። ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው፦

"ለወይዘሪት አስቴር። ጉዳዩ፦ የወደቀ ቢልድን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በዛሬው ዕለት የተካሄደው ቢልድ እርስዎ ካደረጉት ለውጥ በኋላ የወደቀ ስለሆነ፣ ምክንያቱን አጣርተው እንዲያነሱት እየጠየቅን፣ ስለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን። ከሰላምታ ጋር፣ ታዛቢ።"

"እርስዎ!" አለች አስቴር። "ጋሼ፣ እጅህን ብትዘረጋ ትነካኛለህ እኮ! እርስዎ ትለኛለህ?"

"ሰው ሲሳሳት ነው ክብር የሚያስፈልገው" አላት፣ ቀና ሳይል። "ሌላ ጊዜማ ማንም ያከብረዋል።"

ከዚያ ወዲህ ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ነገር ሰላም ሆነ። ቢልዱ ይወድቃል፣ ታዛቢ ይጽፋል፣ የተጻፈበት ያነሣዋል። ከዚያ ክረምቱ ገባ።

ሚዛን ሲዘንብ መብራት ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ቢልዱ ሠርቶ ሳይጨርስ ይቋረጣል፣ የተቋረጠ ደግሞ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። መብራቱ ሲመለስ ታዛቢ ይነቃና መጨረሻ የነካውን ሰው ይፈልጋል። አንድ ቀን አስቴር ምሳ በልታ ስትመለስ ስክሪኗ "ለወይዘሪት አስቴር" በሚሉ ቲኬቶች ተሞልቶ ጠበቃት።

"መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ?" ብላ ጮኸች። "ንገረኝ ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት?"

እኛ ሳቅን። ጋሽ ማቴዎስ አልሳቀም። ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ቲኬቶቹን አንድ በአንድ አነበባቸው። "ልክ ነሽ" አላት። "ያላጠፋ ሰው ላይ ጥፋት መጻፍ ነውር ነው። የመብራትን ጥፋት መጠየቅ ያለበት መብራት ነው።"

ከዚያም መብራትን ሠራተኛ አድርጎ መዘገበው። ለቀልድ አልነበረም። ቲኬቱ የሰው ስም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ስም፦ መብራት። ኮምፒውተሩ የአባት ስም ካልገባ አልቀጥልም አለ። ጋሽ ማቴዎስ በመስኮቱ አየ። ዝናቡ እየወረደ ነው። "ዝናቡ" ብሎ ጻፈ። ጾታ ሲለው ትንሽ አሰበና "ሴት" አለ። የቅርብ ኃላፊ ሲለው የራሱን ስም አስገባ። ወይዘሪት መብራት ዝናቡ በዚያው ከሰዓት ሥራ ጀመረች።

ወደድናት። ጠዋት ስንገባ "መብራት ገብታለች?" እንባባላለን። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ የእሷ መኖር ምን ያህል እንደሚመች ገባን። አንድ ቲኬት ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ስም ማዛወር አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነው። አንድ ነገር ሲጠፋብን፣ ሲከብደን፣ ወይም አርብ ከሰዓት ሲሆን "ይህቺ እንኳ የመብራት ናት" ማለት ጀመርን። ሥራው እንዳይቆም ብለን ደግሞ በመብራት ስም የተያዘውን ነገር ሁሉ ታዛቢ ዝም ብሎ እንዲያልፈው ተስማማን። በዚህ ጋሽ ማቴዎስም ተስማምቷል።

ቢሆንም ይጠረጥር ነበር። አንድ ቀን አስቴር ጋ መጥቶ፣ "ይህንን መብራት ናት ያበላሸችው?" አላት።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"መቼ?"

"ትናንት ጠዋት።"

"ትናንት ጠዋትማ ጠፍታ ነበር። ሳትኖር እንዴት አድርጋ ሠራችው?"

እንዲህ አለና ራሱን እየነቀነቀ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ማታ ለእህቱ ደውሎ "መብራት ላይ ግፍ እየተሠራ ነው" ያላቸው ይህን ጊዜ ይመስለኛል።

ቅርንጫፎች የከፈቷቸው ቲኬቶች አዲስ አበባም ይታያሉ። የዋናው ቢሮ የሰው ኃይል ኃላፊ አቶ ኃይሉ ይባላሉ፤ እኛን በአካል አይተውን አያውቁም። አንድ ቀን ደወሉና ሰብለ አነሣች። መስመሩ ይቆራረጣል።

"መብራት አለች?" አሏት።

ሰብለ ሰውየው ሁሉን ነገር በሴት የሚጠሩ መሰላት። "አሁንስ የለችም" አለች።

"የት ሄደች?"

"ኧረ አይታወቅም።"

"መቼ ትመለሳለች?"

"ከሰዓት ልትመጣ ትችላለች። አንዳንዴ ግን መጥታ ወዲያው ትሄዳለች።"

"ሳታስፈቅድ?"

ሰብለ ሳቀች። "እሷ ማንን ታስፈቅዳለች፣ አቶ ኃይሉ?"

"እናንተስ ምን እርምጃ ወሰዳችሁ?"

"ምን እናደርጋለን? ሻማ ገዝተናል።"

መስመሩ ተቋረጠ። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ወይዘሪት መብራት ዝናቡ እጅግ የበዙ ሥራዎችን ሳታጠናቅቅ ከሥራ ገበታዋ በተደጋጋሚ በመጥፋቷ በዲሲፕሊን ትጠየቃለች፤ ቅርንጫፉም ይህንን ሸፋፍኖ ከተገኘ ሥራው ወደ አዲስ አበባ ይዛወራል ይላል። አቶ ኃይሉ ራሳቸው እየመጡ ነው።

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ሥራው ከተዛወረ እኛም የለንም። ሰብለ ጋሽ ማቴዎስን ጠርታ፣ "አጥፋት" አለችው። "ዛሬውኑ ስሟን ከእነ ቲኬቷ አጥፋልኝ። የሌለ ሰው በመቅጠር ቢጠይቁህ መከላከያ የለህም። ከሥራ ነው የሚያባርሩህ።"

"ቲኬቶቹስ?"

"አብረው ይጥፉ!"

"ውስጣቸው ምን እንዳለ አናውቅም እኮ" አለ። "ለእሷ ስንሰጥ አላነበብናቸውም።"

አስቴር ሌላ መላ አመጣች። ቴፒ ካምፓስ የምትማር የአክስቷ ልጅ አለች፤ ለአንድ ቀን መብራት ነኝ ብላ ትቅረብ፣ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ታልቅስ። ጋሽ ማቴዎስ ተቆጣ። ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "የሰው ልጅ በመብራት ጥፋት ታልቅስ?" አለና የመብራትን ቲኬቶች ከፍቶ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ።

አቶ ኃይሉ መጡ፤ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ሆኗል። ሚዛን በነበሩባቸው ቀናት ሁሉ ታዲያ መብራት ለአፍታ እንኳ አልጠፋም። ዝናቡ እየወረደ፣ ነጎድጓዱ እየጮኸ፣ አምፖሉ ፍንክች አላለም። ሰብለ ሁሉንም ከሥሩ ጀምራ ስታስረዳቸው አቶ ኃይሉ ወደ ጣሪያው አዩ።

"መብራትማ አለ" አሉ። "ከአዲስ አበባ ይሻላል። እናንተ አንዲትን ሰነፍ ልጅ ለመሸፈን ይህንን ሁሉ ተረት ትፈጥራላችሁ?"

ስብሰባው ተጀመረ። "ተከሳሿ ትቅረብ" አሉ።

ጋሽ ማቴዎስ ተነሣ። ለስብሰባው ብሎ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። "የቅርብ ኃላፊዋ እኔ ነኝ" አለ። "መናገር ስለማትችል እኔ ልናገርላት። መብራት ጥፋት አለባት። የተዘረዘረው ሁሉ ግን የእሷ አይደለም።" ከዚያም በእሷ ስም የተጫነውን ለየባለቤቱ መመለስ ጀመረ። ይህ የአስቴር ነው። ይህ የሳሙኤል ነው ሲል እኔን ማለቱ ነው። ይህ የወይዘሮ ሰብለ ነው። ሲመልስልን አልተቆጣም፤ የጠፋ ዕቃችንን አግኝቶ እንደሚሰጠን ሰው በትሕትና ነበር። አቀርቅረን ተቀበልን።

ከዚያ ድምፁ ተቀየረ። "ይህ ደግሞ የእኔ ነው" አለ።

የገበሬዎቹን ስም የሚመዘግበውን ክፍል የጻፈው እሱ ነበር። አንድ ዕለት ፍተሻው እዚያ ላይ ስህተት አግኝቶ ቢልዱ ወድቋል። በዕለቱ መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ እንደ እኛው፣ ሳያነበው ለመብራት ሰጥቶታል። ታዛቢም በስምምነታችን መሠረት ዝም ብሎ አልፎታል።

"ስህተቱ ምንድን ነው?" አሉ አቶ ኃይሉ።

ጋሽ ማቴዎስ የመመዝገቢያውን ስልክ አነሣ። "ስምዎን በየትኛው 'ሀ' ነው የሚጽፉት?"

"በብዙኃኑ 'ኀ' ነዋ! ኃይሉ። ደብዳቤያችሁ ላይ ሁሉ ታበላሹታላችሁ።"

እሳቸውን እንደ ገበሬ መዘገባቸውና ስልኩን ለአስቴር ሰጣት። "እስቲ አቶ ኃይሉን ፈልጊልኝ" አላት። አስቴር እንደ ልማዷ በሃሌታው ጻፈችው። ስልኩ "ይህ ሰው አልተመዘገበም" አለ።

አቶ ኃይሉ ስልኩን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። "የለሁም?" አሉ።

"የሉም" አለ ጋሽ ማቴዎስ። "ገበሬ ቢሆኑ ኖሮ ቡናዎን ተሸክመው ይመለሱ ነበር። ኃይሌም፣ ኅሩይም፣ ዓለሙም፣ ሠናይትም እንደዚሁ። ቡናው ሊቀላ ምንም አልቀረውም። ይህንን ዛሬ ባናነበው ጣቢያዎቹ በር ላይ ነበር የምናነበው።"

ሰብለ መብራትን አጥፋት ብላው የነበረውን ያሰበች ይመስለኛል፤ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

"ይህንን ስህተት የሠራው ማነው?" አሉ አቶ ኃይሉ።

"እኔ ነኝ።"

"መብራት የምትባለዋ ልጅስ?"

"ልጅ አይደለችም፣ አቶ ኃይሉ። መብራት ናት። ይህቺው የምታበራልን።"

አቶ ኃይሉ አምፖሉን እንደገና አዩት፤ በዚህኛው ጊዜ አስተያየታቸው ሌላ ነበር። "ገባኝ" አሉ በመጨረሻ። "ቢሆንም መዝገብ ላይ ያለች ሠራተኛ በወሬ አትወጣም። በሥርዓቱ ነው የምትወጣው።" ቁጭ ብለው ጻፉ። ወይዘሪት መብራት ዝናቡ ያለ ፈቃድ ከሥራ በመቅረት ተሰናብታለች። አቶ ማቴዎስ የበታች ሠራተኛውን ባለመቆጣጠሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ቅርንጫፉ ስህተቱን ራሱ በማግኘቱ ባለበት ይቀጥላል። ጋሽ ማቴዎስ ማስጠንቀቂያውን በሁለት እጁ ተቀበለ። "ለእሷ ያልኩትን ግን በቃለ ጉባኤው ያስፍሩልኝ" አለ። ሰፈረ።

የስም ስህተቱን ቡናው ሳይቀላ አረምነው። ጣቢያዎቹ ሥራ ሲጀምሩ የገበሬው ስም በየትኛውም ሀ፣ በየትኛውም ሰ ቢጽፉት ተገኘ።

ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ሲሰናበት ቦታው ክፍት ይሆናል፤ ክፍት ቦታ ደግሞ መሞላት አለበት። ከአዲስ አበባ የቅጥር ማስታወቂያ ወጣ። በመብራት ቦታ ቱም ከምትባል ራቅ ያለች ከተማ የመጣች፣ ትርሲት የምትባል ተመራቂ ተቀጠረች። የተሰናባቹን ሥራ ተተኪው ይወርሳል የሚል ደንብ ስላለ፣ ገና ወንበሯ ላይ ሳትደላደል ታዛቢ የመብራትን ቀሪ ቲኬቶች በሙሉ "ለወይዘሪት ትርሲት" እያለ አወረደባት።

ጋሽ ማቴዎስ ሊያጽናናት ሄደ። "አትደንግጪ" አላት። "ሥራሽ ባጭሩ መብራት ሲጠፋ መጠየቅ ነው።"

"እኛ ቱም የምንደነግጠው ሲመጣ ነው" አለችው።

ያነበበችው ቲኬት ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ መብራት ጠፍቶ ቢልዱ ተቋረጠ። "ታዲያ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ለምን አይቀጥልም?" ብላ ጠየቀች። ጥፋቱን የምንጥልበት ሰው ስለነበረን አስበነው አናውቅም። እሷ ግን ቁጭ ብላ አስተካከለችው፤ ቢልዱ መብራት ሲሄድ የደረሰበትን ይዞ ይጠብቃል፣ ሲመለስ ከዚያው ይቀጥላል። የመብራት ቲኬቶች ሁሉ ተዘጉ።

ከዚያ በኋላ ታዛቢ ዝም ያለበት አንድ ቀን መጣ። ዘንቧል፣ መብራት ሄዶ መጥቷል፣ ሁላችንም ስንጽፍ ውለናል፤ ምንም የወደቀ ነገር የለም። እኛ ደስ ብሎናል። ጋሽ ማቴዎስ ግን መቀመጥ አቃተው። ተነሥቶ ጥግ ያለውን ኮምፒውተር በእጁ ይዳስሳል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል። ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ጻፈ። ስክሪኑ ቀላ። ቢልዱ ወደቀ።

"ለክቡር አቶ ማቴዎስ" አለ ታዛቢ። "ጉዳዩ፦ የወደቀ ቢልድን ይመለከታል።"

ጋሽ ማቴዎስ እስከ "ከሰላምታ ጋር" ድረስ አነበበውና በረጅሙ ተነፈሰ።

"ጋሼ!" አለች አስቴር። "ምን ነካህ? ሆን ብለህ ጣልከው?"

"አዎ" አላት፣ ያበላሸውን መልሶ እያስተካከለ። "ዝም ሲለኝ ሞቶ እንዳይሆን ፈራሁ።"